«አንተ» ወይስ «እናንተ»? ሞተረኞች ፊት ስለ መጫወት

የሞተረኛ ክለብ ፊት ሙዚቃ የተጫወተ ሰው ሁሉ የሚያወራት አንዲት ታሪክ አለችው። እኔም አለችኝ። ኦክላንድ፣ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ካሉት የሐበሻ ቤቶች በአንዱ ተቀምጠን «ቤዝ ትጫወታለህ አሉ፤ የት የት ሠርተሃል?» የሚለኝ ሰው ከተገኘ፣ ወዲያው እሷን ነው የማወጣው።

ታሪኳ እንዲህ ናት። ለሕፃናት የገና አሻንጉሊት ለማሰባሰብ የተዘጋጀ ድግስ ነበር። ግቢው ውስጥ ስልሳ ምናምን ሞተር ተደርድሯል። ሰዎቹ ሁሉ ጥቁር የቆዳ ሰደርያ ለብሰዋል፤ ጀርባው ላይ የክለቡ ዓርማ ተጠልፏል። እኔ በባንዱ ውስጥ ብቸኛው ሐበሻ፣ በግቢው ውስጥ ደግሞ ከሁለቱ ጥቁሮች አንዱ ነኝ። ያው፣ ፈርቻለሁ። ከዚያ ክንዱ የኔን ጭን የሚያህል አንድ ሽማግሌ መጣና፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ አምፕሊፋየሬን ከመኪና አውርዶ መድረኩ ድረስ ተሸከመልኝ። ገንዘባችን ገና ሳንጀምር በፖስታ ተሰጠን። የአሳማ ጎድን እየጠበሱ ነበር፤ አልበላም ስላቸው ለብቻዬ ዶሮ ጠበሱልኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በሥራ ዘመኔ እንደዚያ የተከበርኩበት ቀን የለም። ሠርግ ላይ እኮ አንድ ጠርሙስ ውሃ ለማግኘት ሦስቴ ነው የምትለምነው።

ሰው ይስቃል። «አይ ሰው በመልኩ አይፈረድም» ይላል። ማኪያቶው ያልቃል፣ እንለያያለን።

ታሪኳ እውነት ናት። የምትጠቅመኝ ግን ሁለተኛዋን እንዳልናገር ነው።

ይሄን ያስተዋልኩት ባለፈው ዲሴምበር «ጊሚ ሼልተር»ን ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሳይ ነው። ከአዲስ አበባ ከመጣ ስምንት ወሩ ነበር። በአሥራ አምስት ዓመት ስለምበልጠው «ጋሼ» ነው የሚለኝ። እንግሊዝኛው አያሳፍርም፤ ግን በ1969 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሰክሮ የሚጮህ ሰው እንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ ነው። ስለዚህ ጎኑ ተቀምጬ እየተረጎምኩለት አየነው። ፊልሙን ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ተርጉሜው ግን አላውቅም ነበር።

ላላያችሁት፦ አልበርት እና ዴቪድ ሜይዝልስ የተባሉ ወንድማማቾች ከሻርሎት ዝዌሪን ጋር ሠርተው በ1970 ያወጡት ዘጋቢ ፊልም ነው። ሮሊንግ ስቶንስ በ1969 መጨረሻ አሜሪካን ሲዞሩ ካሜራው ተከተላቸው። ጉዞው ያለቀው ዲሴምበር 6፣ አልታሞንት በሚባል የመኪና እሽቅድምድም ቦታ በተደረገ ነፃ ኮንሰርት ነው። በግምት 300,000 ሰው መጣ። መድረኩ ዙሪያ እንዲቆሙ የተደረጉት ሄልስ ኤንጅልስ የተባለው የሞተር ክለብ አባላት ናቸው። ክፍያቸው 500 ዶላር የሚያወጣ ቢራ እንደነበር በሰፊው ይነገራል። ቢራውን እዚያው ጠጡት። ቀኑን ሙሉ ሰው በቢሊያርድ እንጨት ሲደበደብ ዋለ። ማታ ስቶንስ እየተጫወቱ ሳለ፣ ሜሬዲት ሃንተር የተባለ የ18 ዓመት ጥቁር ወጣት ከመድረኩ ትንሽ ራቅ ብሎ በጩቤ ተወግቶ ሞተ። ሽጉጥ አውጥቶ ነበር፤ ካሜራው ሽጉጡንም ጩቤውንም ይዟል። የወጋው የክለቡ አባል፣ አለን ፓሳሮ፣ ተከሶ በ1971 «ራሱን ሲከላከል ነው» ተብሎ ነፃ ወጣ። ፊልሙ ፍርድ ቤት ውስጥ ታይቷል።

ቦታው ከኛ ሩቅ አይደለም። በ580 አውራ ጎዳና ወደ ምሥራቅ ስነዳ በአጠገቡ አልፋለሁ። የደረቀ ሣር የለበሱ ኮረብታዎች፣ ላያቸው ላይ የነፋስ ተርባይን። ሌላ የሚታይ ነገር የለም።

ስለዚህ ፊልም የተጻፈውን ስታነቡ አንድ ነገር እየተደጋገመ ያሰለቻችኋል፦ «የስልሳዎቹ ሞት»። ዉድስቶክ በኦገስት ተወለደ፣ አልታሞንት በዲሴምበር ቀበረው፣ በቃ። ይሄ አባባል ለኔ አይዋጥልኝም። ዘመን ሲሞት ተጠያቂ የለም። «ዘመኑ ነው» ማለት እኛ ሰፈር «ቀኑ ደርሶ ነው» እንደ ማለት ነው፤ ለቅሶ ቤት ያጽናናል፣ ፖሊስ ጣቢያ ግን ምንም አይሠራም። ፖሊን ኬል ፊልሙ እንደወጣ «ኒውዮርከር» ላይ ስትጽፍ ሌላ መንገድ ሄደች፤ ኮንሰርቱ እንዲቀረጽ ተብሎ የተሰናዳ ነገር ነው፣ ፊልም ሠሪዎቹም ከተጠያቂዎቹ ናቸው የሚል ክስ አቀረበች። እነሱ አልተቀበሉትም። እኔ ክሷን በግማሽ ነው የምቀበለው፤ ጥያቄዋ ጥሩ ነው፣ ግን ዓይኗ ካሜራው ላይ ብቻ ቀረ። እኔ ዓይኔ የሚሄደው ወደ መድረኩ ነው። የሙያ በሽታ በሉት።

ምክንያቱም «ጊሚ ሼልተር» ለኔ ስለ ሥራ የተሠራ ፊልም ነው። ሜልቪን ቤላይ የሚባለው ዝነኛ ጠበቃ ቢሮው ውስጥ በስልክ ቦታ ሲደራደር የሚታይበት ረጅም ክፍል አለ። የመኪና ማቆሚያ፣ መጸዳጃ ቤት፣ ማን ምን ይፈርማል። ተመልካቹ ይስቃል፤ ሰውየው በራሱ ድምፅ የሚደሰት ዓይነት ነው። መድረክ ላይ የቆመ ሰው ግን ይሄን ክፍል ሲያይ ላብ ያልበዋል። ኮንሰርቱ ሊደረግ የታሰበው ሲርስ ፖይንት በሚባል ሌላ ቦታ ነበር። እዚያ መድረኩ ከፍታ ላይ ስለሚቆም ቁመቱን ዝቅ አድርገው ሠሩት፣ አንድ ሜትር ገደማ። በመጨረሻው ሰዓት ወደ አልታሞንት ሲዛወሩ ያው መድረክ ተጭኖ ሄደ፣ ግን አሁን ያረፈው ከቁልቁለቱ ሥር ነው። ሕዝቡ ከላይ፣ ባንዱ ከታች። ቁልቁል የሚገፋ ሕዝብ፣ ወገብ የማይደርስ መድረክ።

ይሄን በልጅነቴ ባየሁት ድንኳን ነው የምለካው። ሠርግ ላይ ባንዱ ከመሬት እኩል ሲሆን የሙሽራው ጓደኞች ማይኩን ይቀማሉ፣ ኪቦርዱ ላይ ቢራ ያስቀምጣሉ፣ ጨዋታም ነው። ድንበር ሲጠፋ ሰው ድንበር ይሆናል። አልታሞንት ላይ ድንበር የሆኑት ሞተራቸውን እዚያው መድረኩ ሥር ያቆሙ ሰዎች ናቸው። ሞተሩን የነካ ደግሞ፣ ወየውለት።

ስቶንስ ማንን እንደቀጠሩ አያውቁም ነበር የሚል መከላከያ አለ። በዚያው ዓመት ጁላይ 5 ለንደን ሃይድ ፓርክ ላይ ሲጫወቱ ይህንኑ ስም የያዙ ወጣቶች ዙሪያቸውን ቆመው ነበር፤ እነዚያ ግን ስሙንና ልብሱን የኮረጁ የእንግሊዝ ልጆች ናቸው። እውነተኞቹን የሚያውቁት ግሬትፉል ዴድ ናቸው፤ ከኤንጅልሶቹ ጋር የዓመታት ትውውቅ ነበራቸው። ፊልሙ ውስጥ ጄሪ ጋርሲያና ፊል ሌሽ በሄሊኮፕተር ሲደርሱ፣ ማርቲ ባሊን ተመታ የሚለውን ወሬ ይነግሯቸዋል። ፊታቸውን እዩት። ከዚያ ሳይጫወቱ ሄዱ። ከሁሉም ባንዶች ክለቡን አብልጠው የሚያውቁት ናቸው ጥለው የወጡት። (ጓደኝነቱ ግን በዚያ አላበቃም። ጋርሲያ በ1973 ኒውዮርክ ውስጥ ኤንጅልሶቹ መርከብ ላይ ባዘጋጁት ድግስ ተጫውቷል፤ «ሄልስ ኤንጅልስ ፎርኤቨር» በሚለው ፊልም ላይ ይታያል። እዚያ ሁሉም ደስተኛ ነው። ያ መርከብ የኔ የአሻንጉሊት ድግስ ነው።)

አሁን ወደ ትርጉሙ።

ጃገር ዘፈኑን ያቋርጣል። ወንድሞች፣ እህቶች እያለ እንዲረጋጉ ይለምናል። ማን ከማን እንደሚጣላ፣ ስለ ምንስ እንደሚጣላ ይጠይቃል። እንግሊዝኛ አንዲት «ዩ» ብቻ ናት ያለችው፤ ለአንዱም ለመቶ ሺውም እሷው። ለጃገር በጣም ተመቸችው። አማርኛ ግን አያስመልጥም፤ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ እናንተ፣ አንዱን መምረጥ አለብህ። አፌ ሳላስበው «እናንተ» አለ። ቀጠለ፣ «እናንተ»። አንድ ቦታ ኤንጅልሶቹን በስም ያነሳቸዋል፣ ያውም ከ«ሁላችሁም» ጋር ደባልቆ፣ ጥፋቱን ለ300,000 ሰው እኩል አከፋፍሎ።

ወንድሜ አቋረጠኝ። «ጋሼ፣ የሚማቱት እኮ እነዚያ ሰደርያ የለበሱት ናቸው። ለምን ለሁሉም ይናገራል?»

አዝማሪ ቤት ያደገ አይደለም፣ ግን ጥያቄው የአዝማሪ ቤት ጥያቄ ነው። አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ፊትህ ይቆማል። ስምህን ጠይቆ፣ ስለ መላጣህ፣ ስለ አብራህ ስለመጣችው ልጅ፣ ስለ ኪስህ ይገጥምብሃል። ሙያው «አንተ» ማለት ነው። አንዱ እንግዳ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ሲሰጠው ደግሞ ያቺን ስንኝ ወደ ማን እንደሚወረውር ያውቃል። አላሞካሸውም፤ ሲመሽ ባለገንዘቡን አወዳሽ እንደሆነ ሁላችንም አይተናል። ቢሆንም ቤቱ ውስጥ ማን ማን እንደሆነ ያያል። ጃገር የማያይ ሰው አይደለም፤ በዚያ ፊልም ውስጥ ከሱ ይበልጥ ሕዝብን የሚያነብ የለም። ያያል፣ ግን በ«እናንተ» ይሸፍነዋል።

እዚያው ፊልም ውስጥ ሌሎች ምርጫዎች ነበሩ። ኪት ሪቻርድስ ጣቱን ቀስሮ ያ እዚያ ያለው ሰውዬ ካልተወ አንጫወትም ይላል። ቀደም ብሎ፣ የጄፈርሰን ኤርፕሌን ዘፋኝ ማርቲ ባሊን ድብደባ ለማስቆም ወርዶ በቡጢ ራሱን ሲስት፣ ጓዱ ፖል ካንትነር ማይኩን ይዞ ኤንጅልሶቹን በስማቸው ጠርቶ ስለ ምቱ በአሽሙር ያመሰግናቸዋል። እዚህ ጋ የተረጎምኩት «አመሰግናችኋለሁ» ብዬ ነው፤ ይሄም ብዙ ቁጥር ነው፣ ግን ባለቤት ያለው ብዙ ቁጥር ነው። ከክለቡ አንዱ ወዲያው ሌላ ማይክ ይዞ መለሰለት። የተሰደበው እሱ እንደሆነ ገብቶታላ! ባሊን ደግሞ ምንም ተውላጠ ስም አላስፈለገውም፣ ዘለለ።

አንዳቸውም ምንም አላዳኑም። ይሄን መዝለል አልፈልግም። ኪት ጣቱን ቢቀስርም፣ ባሊን ጥርሱን ቢያስመታም፣ ልጁ ሞቷል። እና ጃገርን የሚከላከሉት የሚሉት ነገር ባዶ አይደለም፤ ኮንሰርቱን አቋርጠው ቢሄዱ ኖሮ በዚያ ጨለማ ውስጥ የባሰ ይመጣ ነበር ይላሉ። እኔ ይሄን መከላከያ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። የሰማሁት ቫን ውስጥ ነው።

ሁለተኛዋ ታሪክ ይቺ ናት። ከአሻንጉሊቱ ድግስ በኋላ በመጣው በጋ፣ ከከተማ ወጣ ያለ አንድ ባር፣ ሌላ ክለብ። ሊስታችን ያው ነው፤ እንደዚህ ዓይነት ሥራ ላይ በ1968 የወጣችውን የስቴፐንዎልፍን «ቦርን ቱ ቢ ዋይልድ» ካልተጫወትክ ገንዘብ የለም፣ «ኢዚ ራይደር» ፊልም ላይ ከገባች ጀምሮ የነሱ ብሔራዊ መዝሙር ናት። ሁለተኛው ዙር ላይ፣ በኤ ቁልፍ ዝግ ያለ ብሉዝ እየተጫወትን፣ አንድ ሃያ ሁለት የሚሆነው ልጅ ፎቶ ለመነሳት ውጭ የቆመ ሞተር ላይ ተቀመጠ አሉ። እኔ ያየሁት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ጎትተው አስገቡትና ከቀኝ በኩል፣ ከኔ ሁለት እርምጃ ላይ፣ አራት ሆነው ደበደቡት። እንደ ፊልም አይጮህም። ድምፁ ትንሽ ነው፤ በተለይ ቤዝ እየተጫወትክ።

የባንዱ መሪ ዞሮ በጣቱ ክብ ሠራ። ቀጥሉ፣ ድገሙት። አሥራ ሁለቱን ባር እንደገና ዞርን። ከዚያም እንደገና። እኔ የድራመሩን ሲምባል አየሁ። ሲምባሉ ላይ የአምራቹ ስም በግማሽ ተፍቆ ነበር፤ የቀሩትን ፊደሎች እስከዛሬ መቁጠር እችላለሁ። ልጁን አንሥተው አወጡት። ዘፈኑን ጨረስን። አጨበጨቡልን።

ሲያልቅ ከተስማማንበት በላይ ለእያንዳንዳችን 100 ዶላር ተጨመረልን። ምክንያቱን ማንም አልተናገረም። ተቀበልኩ። ቫን ውስጥ መሪያችን «ብናቆም ኖሮ ሁሉም ይነሳ ነበር» አለ። ማንም አልመለሰለትም። እኔ ልጁ የለበሰውን ሸሚዝ አስታውሳለሁ፤ ፊቱን ግን አላስታውስም፣ ምክንያቱም አላየሁትም።

በሙያው ውስጥ የቆየ ሕግ አለ፦ ጠብ ሲነሳ አታቁም። ሙዚቃው ካቆመ ሰው ሁሉ ወደ ጠቡ ይዞራል፣ ሙዚቃው ከቀጠለ ጠቡ የሁለት ሰው ጉዳይ ሆኖ ይቀራል። ሕጉ ብዙ ጊዜ ይሠራል፣ ሠርግ ላይ ሲሠራ አይቻለሁ። ግን ሕጉ የተሠራው ለጠብ ነው። ሁለት የሰከሩ ሰዎች ሲያያዙ ጠብ ነው፤ አራቱ አንዱን ሲይዙ ጠብ አይደለም። ያኔ ሙዚቃው የሚያረጋጋው ነገር የለም፣ የሚሸፍነው ነገር ግን አለ። ይሄን ልዩነት መሪያችን አያውቅም ማለት አልችልም። እኔም አውቀዋለሁ። «ብሉዝ ብራዘርስ» ላይ ባንዱ ከጠርሙስ እንዲጠበቅ በዶሮ ሽቦ ታጥሮ ይጫወታል፣ ሁላችንም ስቀንበታል። ከሽቦው ወዲህ ሆነህ ወዲያ ማየት ምን እንደሚመስል ግን ፊልሙ አያሳይም። «ጊሚ ሼልተር» ያሳያል፣ ለዚህ ነው የማልሰለቸው።

የሜይዝልስ ወንድማማቾችና የዝዌሪን ትልቁ ምርጫ ጃገርን አርትዖት ክፍሉ ውስጥ አስቀምጠው ቀረጻውን እንዲያይ ማድረጋቸው ነው። ገዳዩ ቅጽበት ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ይዘገያል፣ ሽጉጡ በፍቅረኛው ቀሚስ ላይ ጥላ ሆኖ ይታያል። ጃገር ያያል። ተነሥቶ ሲወጣ ፊቱ ላይ ምስሉ ቀጥ ይላል። ብዙ ሰው ያንን ፊት «ባዶ ነው» ብሎ ይከሰዋል። እኔ ባዶ አይመስለኝም። ያኔ ሲምባሉን ሳይ የኔም ፊት እንደዚያ ይመስል እንደነበር እገምታለሁ።

ግን ፊልሙን የምወቅሰውም እዚሁ ጋ ነው። ጃገር ሁለተኛ ዕድል አገኘ፤ ቁጭ ብሎ፣ ጸጥ ባለ ክፍል፣ እንደገና የማየት። ሃንተር ያገኘው ምንድነው? አረንጓዴ ሙሉ ልብሱን፣ ሽጉጡን፣ ሬሳውን። ፍቅረኛው ስታለቅስ እንሰማለን። ከዚያ ውጭ ልጁ ማን እንደነበረ፣ እናቱ ማን እንደሆነች፣ ከበርክሌይ መምጣቱን ፊልሙ አይጠይቅም። ያን ቀን የሞቱት አራት ናቸው፤ ሁለቱን መኪና ገጭቷቸው፣ አንዱ ቦይ ውስጥ ሰጥሞ። እነሱማ አይታዩም። ሳም ግሪን በ2006 «ሎት 63፣ ግሬቭ ሲ» የምትል አጭር ፊልም ሠራ፤ ርዕሷ የሃንተር መቃብር አድራሻ ነው። ቫሌሆ፣ ከኛ ሰሜን፣ ያኔ ስም ያልተጻፈበት መሬት። ከ«ጊሚ ሼልተር» በኋላ እሷን እዩ። አጭር ናት፣ ጃገር የለባትም።

አንድ ነገር ደግሞ ለፍትሕ ያህል። ሞተረኛ ሲባል የሚታየን ጢማም ነጭ ከሆነ ፊልሞቹ ናቸው ያስተማሩን። እዚሁ ኦክላንድ ውስጥ ኢስት ቤይ ድራገንስ የተባለው የጥቁሮች ሞተር ክለብ ከ1959 ጀምሮ አለ፤ ከአልታሞንት አሥር ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። ቶቢ ጂን ሌቪንግስተን፣ መሥራቹ፣ ታሪካቸውን መጽሐፍ አድርጎታል። ሃንተር በነሱ ከተማ አጠገብ ነው ያደገው። ስለ አልታሞንት በተጻፈው ብዙ ጽሑፍ ውስጥ ግን «ሞተረኛ» እና «ጥቁር» ሁሌ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፣ አንዱ ወጊ፣ አንዱ ተወጊ።

ፊልሙ ሲያልቅ ወንድሜ ስልኩን አነሣ። ከዚያ መልሶ አስቀመጠው። «አንተ እንደዚህ ዓይነት ቦታ ሠርተሃል?» አለኝ። የአምፕሊፋየሯ ታሪክ አፌ ላይ ነበረች። ሁለተኛዋን ነገርኩት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ዝም ብሎ ሰማኝ። «መቶውን ምን አደረግህበት?» ብሎ ጠየቀ። የዚያን ወር ለእማዬ የላክሁት ውስጥ ነበር፤ እሱ ያኔ ትምህርት ቤት ነበር፣ ከዚያው ነው የተከፈለለት። ይሄን አልነገርኩትም። ይኸው አሁን ያነበዋል።

ባለፈው ሳምንት የድሮው መሪያችን ደወለ። ኦገስት ላይ ሥራ አለ፣ ክለብ ነው፣ ክፍያው ጥሩ ነው። መድረኩ ቁመቱ ስንት ነው አልኩት። ሳቀ። ከመድረኩና ከሰዉ መካከል የሚቆመው ማነው አልኩት። አሁን አልሳቀም። «ደግ ሰዎች ናቸው እኮ፣ ታውቃቸዋለህ» አለና፣ ያ ሽማግሌ አምፕሊፋየሬን ከመኪና አውርዶ መድረክ ድረስ እንዴት እንደተሸከመልኝ ለኔው ያወራልኝ ጀመር። እስኪጨርስ ሰማሁት። ዶሮውንም አልረሳም።

ቅዳሜ እደውልልሃለሁ አልኩት።